ስድስት እጥፍ ክብደት

ዓይናዲስ በላሊበላ የኮምፒውተር አስተማሪ ነበረች። በ2004 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ በላፕቶፕዋ የጠፈር በረራ ጨዋታ መሥራት ጀመረች። መንኮራኩሯ ትወነጨፋለች፣ ትጠማዘዛለች፤ አብራሪው ግን ምንም አይሰማውም። እንዳነበበችው ከሆነ፣ በኃይል ሲታጠፉ የሰው ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ደም ከራስ ወደ እግር ይሸሻል፤ ዓይንም ይጨልማል። ስለዚህ ጫናው ስድስት እጥፍ ሲደርስ ስክሪኑ ድርግም ብሎ እንዲጠፋ አደረገች።

አከራይዋ ወይዘሮ ደብሪቱ አይተው፣ «መብራት ሄደ እንዴ?» አሉ።

ነገሩን ስታስረዳቸው ሳቁ። «እንዲህ ያለውንማ ሻምበል ሀብተ ሥላሴን ጠይቂ። በደርግ ጊዜ የጦር አውሮፕላን ያበሩ ነበር።»

ሻምበል አሁን ከአሸተን ማርያም ግርጌ ንብ ያረባሉ። ዓይናዲስ በማግስቱ ሄዳ ጥያቄዋን ስትነግራቸው ቆፎውን ትተው ተቀመጡ።

«ሰው የሚጠይቀኝ ስንት ቦምብ እንደጣልኩ ነው» አሉ። «ዓይን እንዴት እንደሚጨልም የጠየቀኝ የለም።»

«እንዴት ነው ታዲያ?»

«መጀመሪያ የሚሄደው ቀለም ነው። ቀይ መብራቱ ግራጫ ይሆንብሻል። ቀጥሎ ዳር ዳሩ ይጠፋል፤ በመቃ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ከዚያ ጨለማ። ጆሮሽ ግን ገና ይሰማል።»

«ወዲያው ይጨልማል?»

«የለም! አንጎል የአራት የአምስት ሴኮንድ ስንቅ አለው። እሱ እስኪያልቅ ደህና ነኝ ትያለሽ። ሰውን የሚያታልለው ይኸው ነው።»

መከላከያውንም አሳዩአት። እግራቸውንና ሆዳቸውን አጠንክረው፣ አየር ይዘው፣ በየሦስት ሴኮንዱ ቶሎ እያወጡ ያስገባሉ። ፊታቸው ቀላ፤ የተኛው ውሻ ደንግጦ ተነሣ።

ዓይናዲስ አራት ቀን ሠርታ ላፕቶፑን ይዛ ተመለሰች። ሻምበል መነጽራቸውን አድርገው መንኮራኩሯን በኃይል ጠመዘዟት። ቀለሙ ደበዘዘ፤ ዳሩ ጠበበ። ዓይናዲስ ስክሪኑን ትታ እግራቸውን ታይ ጀመር፤ ሳያውቁት መሬቱን ረግጠው ትንፋሻቸውን ይዘዋል። እጃቸውን ግን ከቁልፉ አላነሡም። ጨለመ፤ «አብራሪው ሞቷል» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«አልሞተም» አሉ ሻምበል። «ይነቃል።»

«እንዴት ያውቃሉ?»

«አንድ ቀን እኔም ራሴን ስቼ ሄጃለሁ። ዐሥር ሴኮንድ ይሆናል። እናቴ ከመንደራችን ከገነተ ማርያም ስትጠራኝ ሰማሁ። ስነቃ መሪውን የያዘውን እጅ አየሁና የማን ነው አልኩ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ብቻውን ይወጣ ነበር። ቁልቁል ቢሆን ኖሮ እዚህ አልቀመጥም ነበር። ከበረራ ያግዱኛል ብዬ ለአለቃ አልተናገርኩ፣ ለሚስቴ አልተናገርኩ።»

ዓይናዲስ ማዘን እንዳለባት ታውቅ ነበር፤ አፏን የቀደመው ግን ጥያቄዋ ሆነ። «ከነቁ በኋላ እጅዎ እስኪታዘዝዎ ምን ያህል ቆየ?»

ሻምበል ከት ብለው ሳቁ። «ጻፊ!» አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ያን ቀን እያሰቡ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ዐሥራ ሁለት ላይ አቆሙ።

እዚያው ተቀምጣ አስተካከለችው። አብራሪው ሲነቃ ዐሥራ ሁለት ሴኮንድ ሙሉ ቁልፉ ምንም ቢጫኑት አይሠራም። ሻምበል አንድ ጊዜ ሞከሩት፤ ላባቸውን ጠረጉና ወደ ቤት ዞረው ተጣሩ።

«አመተ ጊዮርጊስ! ነይ እስቲ አብርሪ!»

ባለቤታቸው እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ መጥተው ተቀመጡ። መንኮራኩሯን ጠመዘዟት፤ ጨለመባቸው። «ምነው፣ አበላሸሁት?»

«የለም፣ አላበላሸሽም» አሉ ሻምበል፣ ከጎናቸው ቁጭ እያሉ። «ይሄ በኔ የደረሰ ነው።»

ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ከስክሪኑ ዞረው ባላቸውን አዩ። «መቼ?» አሉ።