ሳል የገባበት መስመር

«አፈ ማር» የሚሉት ገጣሚ ግጥሙን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ እንድታደርግለት ወደ አቀናባሪዋ ስቱዲዮ ሲመጣ፣ የማን ልጅ ነሽ ብሎ እንኳ አልጠየቃትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አባቷ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ግጥሞቹን በካሴት እየቀዳ ለዚህ ሰው ይሰጠው ነበር፤ እጅ ጽሑፉ ያምራልና ገልብጦ እንዲያስቀምጥለት። አባቷ ሲሞት ካሴቶቹን አይጥ በላቸው ተባለ። በዓመቱ መጽሐፉ በአፈ ማር ስም ታትሞ ወጣ፣ አይጡም ተሸለመ። እሱ ያላወቀው፣ ልጅቱ አንዱን ካሴት ለራሷ ቀድታ ማስቀረቷን ነው። ብታወጣው «ድምፅ ቆርጦ መቀጠል ሙያዋ አይደል?» እንደሚሏት ገብቷት፣ ሃያ ዓመት ቂሟን ይዛ ጠበቀች።

ልምምድ ላይ «ጥላዬን አበድሬ ፀሐይ» አለና ቆመ። ትንሽ ቆይቶ «ላይ ቀረሁ» ብሎ ጨረሰው። ቀና ብላ አየችው። ጤነኛ ሰው እዚያ ጋ አይቆምም።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ለምንድን ነው የሚያቆሙት?»

«የግጥሙ እስትንፋስ ነዋ ልጄ። ስጽፈው እንዲሁ ነው የመጣልኝ።»

በጣም እንደሚያምርና እንዳይቀይረው ነገረችው፤ ይህን ያለችው ከልቧ ነበር።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። እሱ መድረክ ላይ ያነባል፤ እሷ ጥግ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ድምፁን እዚያው ትቆራርጣለች፣ ትጎትታለች፣ «ጥላ» የምትለዋን ቃል እንደ ወፍጮ ታስገመግማለች። እዚያች መስመር ላይ ደርሶ ሲቆም ከስፒከሮቹ አንድ ሽማግሌ ሳለ። ሳሉ ክፍተቷን ልክክ ብሎ ሞላት። ሰው ሙዚቃው መስሎት አጨበጨበ። መስመሯ አዝማች ናትና ተመልሳ መጣች፤ ቆመ፣ ሽማግሌው ሳለ። በሦስተኛው ላለመቆም ታገለ፣ ሃያ ዓመት የለመደ ምላስ ግን እሺ አላለውም።

ያን ጊዜ ሙዚቃውን አጥፍታ ካሴቱን ለቀቀችው። አባቷ መስመሯን አለ፣ መሃሏ ላይ ሳለ፣ ጨረሳት።

«አፈ ማር ወንድሜ» አለ ቀጥሎ፣ «ሳሌን ዝለለውና ግጥሜን በዚያ በሚያምር እጅህ ገልብጥልኝ።»

 ሰውየው ዞሮ አያትና የማን ልጅ እንደሆነች ገና አሁን ገባው። ማይኩን አልዘጋችለትም፤ ጭራሽ ከፍ አደረገችው። ምራቁን ሲውጥ እስከ ኋላ ወንበር ተሰማ። እሷም ያንን ድምፅ ያዘችና ደጋግማ አጫወተችው፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።