የማይምለው ምስክር

በንጉሡ ዘመን ወንጀል ከከበደ መርማሪ ከአዲስ አበባ ይመጣ ነበር። አብዮቱ ሲፈነዳ የመሥሪያ ቤቱ ስም ተለወጠ፤ ማኅተሙም ተለወጠ። የንጉሡ ፎቶ የተሰቀለበት ሚስማር ግን ደህና ስለነበር ሌላ ፎቶ ተሰቀለበት። ሥራውም ያው ነው፦ መጥቶ ሰው ይዞ መሄድ። ከዲላ ተይዞ ሄዶ የተመለሰ ካለ፣ እስካሁን አላየነውም።

በዚያ ዓመት ከፍስሐ ገነት የገበሬ ማኅበር መጋዘን የታጠበ ቡና ጠፋ። የጠፋው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ አገሩ በሙሉ ሰልፍ ወጥቶ «አሻጥረኛ ይውደም» ሲል። ሰልፉን የጠራው የማኅበሩ ሊቀመንበር ይርጉ ነበር፤ ሌባውንም ያወቀው እሱው ነው።

«ኸድሩ ነው» አለ። «ሱቅ አለው፣ ኤንትሬ የጭነት መኪና አለው። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?»

ኸድሩ ዲላ ታሰረ። ሚስቱ መኪያ የመጋዘኑን ዘበኛ ወልደዮሐንስን ቤቱ ድረስ ሄዳ ያዘችው። ዘበኛው ዶሮው የጎረቤት ጎመን ከነካች ሄዶ «የኔዋ ናት» የሚል ሰው ነው።

«ይርጉ ነው ያስጫነው» አላት። «በማኅበሩ ላንድሮቨር፣ እየተመላለሰ። ቁልፉን ሲቀበለኝ ለአብዮቱ ነው አለኝ።»

«ይህንኑ ለመርማሪው ትነግርልኛለህ፣ ጋሼ?»

«ያየሁትን ለማን እደብቃለሁ?»

መርማሪው መቶ አለቃ ዘነበ ምሥራቅ ጀርመን የተማረ ነው። መጋዘኑ በር ላይ የቀረውን የጎማ ዱካ በጄሶ ቀድቶ አየና «ይሄ የኤንትሬ ጎማ አይደለም» አለ። ሀቁን በግማሽ ቀን ደረሰበት። መሥሪያ ቤቱ የሚጠብቀው ግን ሰው እንጂ ሀቅ አልነበረም።

«ሊቀመንበር በጄሶ አይከሰስም» አለው ወልደዮሐንስን፣ ዲላ ቢሮው አስጠርቶ። «የማለ ምስክር ካገኘሁ ኸድሩን እፈታለሁ። ካላገኘሁ ነገ ጠዋት ይዤው እሄዳለሁ። በል፣ እጅህን እዚህ አድርግ።»

ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ወልደዮሐንስ ሽፋኑን ሲያይ አወቀው፤ እሱ የሚያመልክበት የወንጌላውያን ጸሎት ቤት በመንግሥት ሲታሸግ የተወረሰው ነው።

«ያየሁትን እናገራለሁ፣ ጌታዬ። መማል ግን አልችልም። ይኸው መጽሐፍ ራሱ ከቶ አትማሉ ይላል። ገጹን ላሳይዎ?»

«እኛ የወረስነው ለመሐላ ነው፤ ማን አንብቡ አለን?»

«ቃሌ አዎን ከሆነ አዎን ነው።»

«ሰውየው ይሞታል እኮ።»

ወልደዮሐንስ አንገቱን ደፋ፤ እጁን ግን መጽሐፉ ላይ አላደረገም።

ይርጉ ተጠራ። በመጽሐፉ ማለ፤ በአብዮቱ ማለ፤ ማንም ሳይጠይቀው በእናቱም ጨመረ። ኸድሩ ሲጭን በዓይኔ አይቻለሁ አለ።

በማግስቱ ኸድሩን እጁን አስረው መኪና ላይ ሲያወጡት፣ መኪያ የወልደዮሐንስን ኮት ጫፍ ይዛ ቆማ ነበር። ኸድሩ ቀና ብሎ ሁለቱንም አያቸው።

«እምላለሁ» አለ ወልደዮሐንስ። ወደ መቶ አለቃው ሮጠ። «በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ ይርጉ ነው። መጽሐፉን አምጡልኝ።»

ዘነበ የመኪናውን በር ከፍቶ አንድ እግሩን አስገብቶ ነበር።

«ትናንት አልምልም፣ ዛሬ እምላለሁ። ቃሉን የሚለውጥ ምስክር ትምህርት ቤት ምን እንደምንለው ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ ጌታዬ።»

«ባታውቅ ይሻልሃል። ቤትህ ግባ።» በሩን ዘጋ።

ጸሎት ቤቱ ቢታሸግም ምእመናኑ በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር። ወንጌላዊ ጴጥሮስ ነገሩን ሰምቶ ወልደዮሐንስን አስጠራው።

«ምለሃል?»

«አዎን።»

አዎን ስላለ ከጌታ ማዕድ ታገደ። አልማልኩም ቢል ኖሮ ያምኑት ነበር፤ ዋሽቶ አያውቅማ።

መኪያ ስንቅ ይዛ አዲስ አበባ ስትመላለስ ከረመች። አንድ ቀን የእስር ቤቱ ዘበኛ ሳህኑን እንደ ሞላ መለሰላትና «ከእንግዲህ አትልፊ» አላት። ፍስሐ ገነት ስትደርስ ከአውቶቡስ ተራ በቀጥታ ወደ ወልደዮሐንስ ቤት ሄደች። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ምን አሉሽ?» አላት።

ሳትምል ነገረችው። እውነት ነው ወይ ብሎ አልጠየቃትም።