የድቡ ጉልበት

ኑዕማን ከአባቱ ሱቅ ጀርባ፣ የሳሙና ካርቶን ይደረደርበት በነበረው ክፍል፣ ኮምፒውተሮች በገመድ አገናኝቶ ጌም ቤት ከፈተ። አባቱ ጋሽ ጀማሉዲን "ሳሙና ቢያንስ አይጮህም" እያሉ ፈቀዱለት። ቦንጋ ላይ ኔትወርክ ሲኖር የጅማ ልጆችም በኢንተርኔት ገብተው ይፋለማሉ፤ ሲጠፋ የቦንጋዎቹ እርስ በርስ ይናረታሉ።

ጓደኛው ማዕረግ በጌሙ የሚመርጠው ካራክተር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ድቡ። ባጃጅ ተገልብጦበት ከግራ እጁ የሚታዘዙለት ሁለት ጣቶች ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ካራክተሮች፣ ቀስተኛዋና ጠንቋዩ፣ ፈጣን ጣቶች ይፈልጋሉ፤ ድቡ ግን ዝግ ያለ ነው፣ በጥቂት ቁልፍ ይሄዳል። ማዕረግ ጥግ ይዞ ይጠብቃል፤ ሌላው ሮጦ ሮጦ ሲደክም አንዴ ያሳርፍበታል።

አንድ ቅዳሜ ከተጫዋቾቹ አንዱ ፍቅሩ የጆሮ ማዳመጫውን ወርውሮ ተነሳ።

"ይሄ ድብ ከልክ በላይ ነው! ግምገማ ይጠራልኝ!"

ያኔ ቀበሌውም ትምህርት ቤቱም ይገማገም ነበርና ጌም ቤቱ ለምን ይቅርበት። ድቡ ተገመገመ። ጉልበተኛ ነው፣ ለሌሎች ዕድል አይሰጥም፣ የአሠራር ችግር አለበት ተባለ።

"ድቡ ሂሱን ተቀብሏል" አለ ማዕረግ እየሳቀ። "ግን ጓዶች፣ ማር አቅርቡለት።"

"ትቀልዳለህ! ኑዕማን፣ ወይ ድቡ ይውጣ ወይ እኛ እንውጣ!"

ድቡ ከወጣ ማዕረግም ወጣ ማለት ነው። እነፍቅሩ ከወጡ ደግሞ ክፍሉ ወደ ሳሙናው ይመለሳል። ኑዕማን እንደ ባለሥልጣን "አጣራለሁ" አለ። የካራክተሮቹን ጉልበት የሚወስኑት ቁጥሮች ያሉት እሱ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ሰዉ ሲወጣለት የድቡን ምት በጥቂቱ ቀነሰው። ማዕረግ እንዳይሸማቀቅ ብሎ ለማንም አልተናገረም። በሳምንቱ እነፍቅሩ "አሁንም አላስቀመጠንም" ሲሉት ጨመረበት፤ ቅነሳውን ማለት ነው።

ድቡ ለጥቂት መሸነፍ ጀመረ፤ ቆይቶም ለጥቂት መሆኑ ቀረ። ማዕረግ ጌሙን አልጠረጠረም። የጠረጠረው እጁን ነው። ሐኪሙ "ነርቩ እየደከመ ሊሄድ ይችላል" ብሎት ነበር። በተሸነፈ ቁጥር ሁለቱን ጣቶች እያፍታታ ያያቸዋል።

"ዘገየሁ አይደል?"

"ኧረ ብርዱ ነው" ይላል ኑዕማን።

ከዚያ ማዕረግ መምጣቱን ተወ። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ በኮምፒውተር የሚጽፉት እትዬ የምሥራች አንድ ቀን ሳሙና ሊገዙ መጡ።

"ያን ጓደኛህን ከመስቀል በኋላ ልቀጥረው ነበር እኮ" አሉት። "ራሱ መጥቶ 'እትዬ፣ እጄ እየሞተ ነው፣ ሥራዎን አበላሽብዎታለሁ' አለኝ። አንጀቴን በላው። ምን ላድርግ፣ ሌላ ልጅ ያዝኩ።"

ኑዕማን የድቡን ቁጥር እንደነበረው መልሶ በማግስቱ ማዕረግ ወዳለበት መንደር፣ ማንኪራ ወረደ። የማዕረግ አጎት ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅላሉ፤ ማዕረግ ከሥር ሆኖ ገመዱን በቀኝ እጁ ይዟል። ኑዕማን ሁሉንም ነገረው።

ማዕረግ አልተቆጣም። "ልታጽናናኝ ብለህ ይሄን ሁሉ ጭቃ ረገጥክ?"

"ወላሂ እውነቴን ነው! ናና ራስህ ሞክረው።"

ማዕረግ ቅዳሜ ዕለት ጌም ቤቱ መጣ። የድሮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጥግ ይዞ ጠበቀ፤ ቀስተኛዋ ሮጣ ሮጣ ስትደክም አሳረፈባት። ጠንቋዩንም ደገመው። ማንም አልቻለውም።

"አየህ?" አለ ኑዕማን፣ ሊያለቅስ ደርሶ። "ድሮም እጅህ ደህና ነበር።"

ማዕረግ ጣቶቹን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ።

"ስንት ጨመርክለት?"

"ምንም! የነበረውን ነው የመለስኩት!"

"ሳላውቅ የቀነስክ፣ ሳላውቅ ብትጨምርልኝስ በምን አውቃለሁ?" አለ ማዕረግ ቀስ ብሎ። የኑዕማንን ትከሻ መታ መታ አደረገለት። "ጥሩ ሰው ነህ አንተ።" ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወጣ።

ኑዕማን በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ማዕረግ የተሳፈረበት ባጃጅ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ክፍሉ ውስጥ ፍቅሩ የጆሮ ማዳመጫውን ወረወረ።

"ኑዕማን! ይሄ ድብ እንደ ድሮው ሆኗል እኮ! አሁንስ ምን ልታደርግ ነው?"