የገዛ ቤቷ እንግዳ

እናቴን እስከ ዛሬ የምወቅሳት በአንድ ነገር ነው። ያንን ሰውዬ እግሩን አጥባዋለች።

ጣሊያን ሸዋ ሮቢት በገባ በዓመቱ ነው። ሮቢ ወንዝ ሞልቶ ካሚዮኑ ደለል ውስጥ ተቀረቀረበትና፣ ብሩኖ የሚባለው የመንገድ ሥራ ሹም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ከደጃችን መጥቶ ቆመ። እሱማ የኛን ቋንቋ ከየት ያውቃል? አስተርጓሚው ዘውዴ ነው ከኋላው ሆኖ፣ «ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን፤ አሳድሩን» ብሎ የተጣራው። አባቴ እነዚሁኑ ሰዎች ሊወጋ ዘምቶ እንደወጣ ቀርቷል። እናቴ ይህን ረስታው አልነበረም። ግን የእግዜር እንግዳ የሚለውን ቃል ሰማች፤ አለቀ። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና፣ «ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ግቡ» አለች። ውሃ አሙቃ፣ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብላ ያንን የጭቃ እግር አጠበችው። ያለንን አቀረበችለት፤ የአባቴንም አልጋ ለቀቀችለት።

«ማን እንደሆነ እንኳ አትጠይቂውም?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ጌጤ፣ እንግዳ ማን ነህ ይባላል እንዴ? እንዲህ ያለ ነውር ከየት ተማርሽ?» ብላ እኔኑ ተቆጣችኝ።

መሬት ላይ ጥርሴን እያፋጨሁ ተኛሁ።

በማግስቱ ሰውዬው ቤቱን ዙሮ ዙሮ አየው። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ያሠሩት የድንጋይ ሰቀላ ነው፤ ምሰሶና ወራጁ ከደብረ ሲና በላይ ካለው ደጋ በሰው ትከሻ የወረደ ጥድ ነው። ብሩኖ ግድግዳውን መታ መታ አደረገ፤ ወራጁን አንጋጦ እየቆጠረ ራሱን ነቀነቀ። በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ከፍቶ እንደሚያየው ማለት ነው። እናቴ ግን ቤቷ የተደነቀላት መስሏት ደስ አላት። ደስ አላት! ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ብዙም ሳይቆይ ወታደር አስከትሎ መጣ። ዘውዴ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ተረጎመ። ባለቤቱ መንግሥትን የወጋ ሽፍታ ስለሆነ ቤቱ ተወርሷል፤ ታድሶ የመንገደኛ ማደሪያ፣ አልቤርጎ ይሆናል፤ እናትና ልጅ ከጓሮ ባለው ማድቤት እንዲኖሩ ተፈቅዶላቸዋል። በገዛ ማድቤታችን እንድንኖር ተፈቀደልን! እኔንም ወጥ ሠሪ አድርጎ ያዘኝ። ጥዬ ልሄድ ብል እናቴ ከግቢው ንቅንቅ አልልም አለች።

ሰው ሁሉ «ቤታችሁን እንዴት አድርጎ አደሰው!» ይለኛል። እስቲ ምኑን ነው ያደሰው? ቤቱን ቀዝቀዝ የሚያደርገውን የሣር ክዳን ገፎ ቆርቆሮ አለበሰው። በሮቢት ፀሐይ ቆርቆሮ! በቀትር እንግዶቹ እንደ ዳቦ ሲበስሉ አያቸዋለሁ፤ እሰይ እላለሁ። ግድግዳውን ኖራ ቀባው። አያቴ ሰው የሚያስታርቁበትን ትልቁን ክፍል በጣውላ ሸነሸነና አልጋ ደረደረበት። በፊት ለፊት በረንዳ አወጣለት፤ መስኮቶቹን በብረት አጠራቸው። የጓሮውን በር ደግሞ፣ ሠራተኞች ስኳርና ሥጋ ያሾልኩብኛል ብሎ በድንጋይ አስደፈነው። ከዚያ ወዲያ ወጡም፣ ውሃውም፣ የታጠበው አንሶላም ቤቱን ዙሮ፣ በእሱ ዓይን ሥር አልፎ በፊቱ በር ብቻ የሚገባ ሆነ። ሌላ መግቢያ የለም።

እናቴ ብቻ በዚያ በር እንዳታልፍ ታገደች። ጥፋቷን ልንገራችሁ። ከአጣዬ ወይም ከማጀቴ የመጣ ነጋዴ እግሩን በረንዳው ላይ ባነሳ ቁጥር ከጓሮ ብቅ ትልና፣ «ቤት ለእንግዳ! እንደምን ዋላችሁ፣ ግቡ» ትላለች። አንድ ቀን እንዲያውም አንዱ ሲከፍል አየችው። «ኧረ በእግዜር! በዚህ ቤት ከፍሎ ያደረ ሰው የለም፤ አባቴ ከመቃብራቸው ይነሳሉ!» ብላ ገንዘቡን ከጠረጴዛው አንስታ መልሳ ከሰውዬው ኪስ ከተተችው። ብሩኖ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በረንዳው ላይ እንዳትደርስ አለ፤ ወታደርም አቆመ።

እሱ ራሱ እንግዳ እንዴት እንደሚቀበል ደግሞ አየነው። ካሚዮን ነጂና ደህና የለበሰ ነጋዴ ሲመጣ ይስቃል። ልብሱ ያላማረው፣ እግሩ አቧራ የለበሰ ሰው ሲመጣ ግን በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ «ኮምፕሌቶ!» ይላል። ሞልቷል ማለቱ ነው። አልጋዎቹ ባዷቸውን ተነጥፈው! ይህን ቃል ከመስማቴ ብዛት ሽንኩርት ስከትፍ እንኳ ሳላውቀው ከአፌ ይወጣ ጀመር።

በሦስተኛው ክረምት እናቴን ወባ ጣላት። በቆላው ወባ የማያውቅ የለም፤ ይሄኛው ግን የሚለቅ አልሆነም። ከማድቤቱ ጥግ፣ ጭስ በጠገበው መደብ ላይ ተኝታ አንድ ነገር ብቻ ትለምነኛለች።

«የተወለድኩት እዚያ ነው። ነፍሴም ከዚያ ትውጣ፤ በድኔም በዚያ በር ይውጣ። ሌላ ምን ጠየቅሁሽ?»

ብሩኖ ዘንድ ሄድሁ። ለዚያ ሰው አንገቴን ደፍቼ ለመንሁት፤ አንድ ጥግ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ። ዘውዴ ተረጎመልኝ፤ መልሱንም አመጣልኝ። «አልቤርጎ የበሽተኛ ማቆያ አይደለም ይላል» አለኝ።

ማድቤት ተመልሼ፣ «ቤቱን ከነሰውዬው አቃጥለዋለሁ!» አልኩ። ከልቤ ነበር። ጭራሮው እጄ ላይ ነው።

«ተይ፣» አለችኝ እናቴ በትኩሳት ውስጥ ሆና፤ «እንግዶች አሉበት።»

እንዲህ ያለችዋን ሴት ምን ታደርጓታላችሁ?

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው፤ ከደሴ አንድ ትልቅ መኮንን መጥቶ ያድራል ተባለ። ብሩኖ ከጧት ጀምሮ እየጮኸ ዋለ። አያቴ የሚቀመጡበት የነበረው የቤቱ ራስጌ ለመኮንኑ ተዘጋጀ፤ አዲስ አንሶላ ተነጠፈ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። እኔ የዶሮውን ድስት ይዤ ቤቱን ዙሬ ስመጣ እናቴን አየኋት። ማን እንዳነሳት እግዜር ይወቅ፤ ከመደቡ ተነስታ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ በዝናቡ ውስጥ ግድግዳውን እየደገፈች በረንዳው ላይ ወጥታለች። ወታደሩ ሊከለክላት እጁን አንስቶ መልሶ አወረደው። በሩ ፊት ቆማ፣ እስትንፋሷን ሰብስባ ተጣራች።

«ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ!»

በገዛ ቤቷ! አባቷ ባሠሩት በር!

ብሩኖ ከውስጥ መጣ፤ ዘውዴ ከኋላው አለ። «ምን ትላለች?» አለ መሰለኝ። ዘውዴ ግን አልተረጎመም። ያንን ቃል በዚሁ በር፣ ለዚሁ ሰውዬ ብሎ የተናገረው እሱ ነው፤ እንዴት አድርጎ ይተርጉመው? ብሩኖ ሲጮህበት ጊዜ ድምፁ እየተቆራረጠ ነገረው።

ብሩኖ ሳቀ። እጁን በሩ ላይ ዘረጋና፣ «ኮምፕሌቶ» አላት።

እናቴ ቃሉን አታውቀውም፤ እጁን ግን አየች። ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያም ራሷን ወደ ውስጥ፣ እግሯን ወደ ውጭ አድርጋ በሩን በገላዋ ዘግታ ጋደም አለች።

ብሩኖ በኢጣሊያኛ እየተሳደበ ወጡን አስገቢ የሚል ምልክት ሰጠኝ። በየት በኩል ላስገባው? በእናቴ ላይ ተራምጄ? ውሃ አመላላሹ ሙሳ በርሜል የጫነች አህያውን እየነዳ ደረሰ፤ በርሜሉን ሊያወርድ መጥቶ ሲያያት ክው አለ። ሚስቱ፣ አጣቢዋ ሩቂያ፣ አንሶላ ታቅፋ ከኋላው ቆመች።

«አሳልፍ ይልሃል» አለው ዘውዴ ከውስጥ ሆኖ።

«በእትዬ በላይነሽ ላይ ልራመድ? አስተግፊሩላህ! አባቴ ከአጣዬ ገበያ ሲመለስ የሚያድረው በዚህ ቤት ነበር፤ ለሰላቱ ውሃ ያቀርቡለት የነበሩት እኚህ ናቸው። ወላሂ አልራመዳቸውም፤ ውሃውን ራሱ መጥቶ ይውሰድ!» አለ ሙሳ።

ወታደሩ አንስተህ ጣላት ተባለ። የኛው አገር ሰው ነው፤ ለጣሊያን እንጀራ ያደረ። ጠብመንጃውን ግድግዳ አስደገፈ፤ ሊያነሳት የመጣ መስሎኝ ድስቱን አስቀምጬ ልናነቀው ተነሳሁ። ግን ካቦርቱን አውልቆ እግሯን አለበሳትና ፊቱን አዙሮ ቆመ። ዘውዴ ደግሞ ከውስጥ ታግቶ፣ «እትዬ፣ እባክዎ ያሳልፉኝ፤ እባክዎ» ይላል። የጓሮው በር ተደፍኗል፤ መስኮቱ ብረት ነው። ሰውዬው ሠራተኛ እንዳያመልጠው ያጠረው ቤት የራሱን አስተርጓሚ ዘጋበት። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ብሩኖ ሰዓቱን አየ። መኮንኑ ሊደርስ ነው፤ ውሃ የለም፣ ወጥ የለም፣ በሩ ላይ በሽተኛ ተጋድሟል። ከካምፑ ወታደር ሊያመጣ ቆረጠ መሰለኝ፤ እግሩን አነሳና በእናቴ ላይ ተራምዶ ወጣ። የጫማው ተረከዝ ሻሿን ነካው።

ሩቂያ እሪ አለች። ያቺ እግር እኮ እናቴ ጎንበስ ብላ ያጠበቻት እግር ናት!

ካሚዮኑን አስነስቶ ሲሄድ አጠገቧ ተንበረከክሁ። እጇ እሳት ነው።

«ጌጤ፣ ከውስጥ ነኝ ከውጭ?»

«ራስሽ ከውስጥ ነው።»

«ይበቃል፣» አለች። ቀጥላም፣ «ወጡ እንዳይቀዘቅዝ። እንግዳ ይመጣል ብለሽኝ አልነበር?»

እናቴ ከዚህ ሌላ አልተናገረችም። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ እጇም ከእጄ ላይ ከበደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የመጨረሻ እስትንፋሷን እንኳ በቅጡ አልሰማሁትም። የሣር ክዳን ቢሆን እሰማው ነበር።

«ወደ ውስጥ!» ብዬ ጮኽሁ። «ወደ ውስጥ አስገቧት!»

ዘውዴ በራሷ በኩል ያዘ፤ እያለቀሰ ነበር። ሙሳና ወታደሩ እግሯን ያዙ። አስገብተን፣ ለመኮንኑ በተነጠፈው በአዲሱ አንሶላ ላይ፣ በአባቷ መቀመጫ አስተኛናት። ከዚያ ነጠላዬን አሸርጬ ለቅሶውን ለቀቅሁት። የሦስት ክረምት ጩኸት ነው የወጣው። ሩቂያ ተቀበለችኝ። የሰፈሩ ሰው ድምፅ ሰምቶ በዝናቡ ጎረፈ፤ ወደ ቀወት መንደሮች ሲመለስ የነበረ ገበያተኛም ሸክሙን በረንዳው ላይ እየጣለ ገባ። ክርስቲያኑም እስላሙም ገባ። የጣውላው ክፍልፋይ ሰው አላስተናግድ ቢል ሙሳና ወታደሩ ነቅለው ጥግ አስደገፉት። ትልቁ ክፍል እንደገና ትልቅ ክፍል ሆነ። በየአልጋው ለቀስተኛ ተቀመጠበት፤ የመኮንኑ ዶሮ ወጥም ለደከመው ተዳረሰ። ማንም ሒሳብ ያለ የለም።

የመኮንኑ አውቶሞቢል ሲደርስ ገና አልጨለመም። ከፊቱ የብሩኖ ካሚዮን ወታደር ጭኖ ነበር። መኮንኑ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ እሪታውን ሰማ፤ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ዘውዴ ወደ በረንዳው ወጥቶ መለሰለት። ምን እንዳለው በኋላ ነገረኝ። «በሽታ ነው፤ ትኩሳት ነው፤ ለእርስዎ በተነጠፈው አልጋ ላይ ነው የሞተችው» ነው ያለው። መኮንኑ መስታወቱን ቶሎ ዘጋና ወደ ካምፑ ነዳ። ወታደሮቹም የበሽታ ነገር ሲሰሙ ተከትለውት ሄዱ። ብሩኖ ብቻውን ከዝናቡ መሐል ቀረ።

በረንዳው ላይ ወጣ። ባርኔጣው ውሃ ያንጠባጥባል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ልክ እንደዚያን ቀን። በሩ ላይ የቆምሁት ግን እኔ ነኝ። ከኋላዬ ያለውን ሰው አሻግሮ አየና ደረቱን በጣቱ እየነካ፣ ሦስት ዓመት ኖሮ የለቀማትን አማርኛ አወጣ።

«የኔ ቤት» አለኝ።

ቦታ ጠፍቶ አልነበረም። ሰው ጠጋ ጠጋ ቢል ለአንድ ሰው የሚሆን አይጠፋም ነበር። እናቴ ብትሆን ውሃ ታሞቅለት ነበር፤ አውቃለሁ።

እጄን በሩ ላይ ዘረጋሁ።

«ኮምፕሌቶ» አልኩት።

ነፍሷ ገና ከቤቱ ካልራቀች ሰምታኛለች። እንግዳ ከደጅ መለስሽ፣ የአባቴን ቤት አዋረድሽ ብላ ተቆጥታኛለች። ትቆጣ። እኔም እሷን ገና አልማርኳትም።