ንፋሱ ቆመ የተባለበት እሁድ

ኤልናታን «ፀሐይም ንፋስ አላት» ሲል እናቱ እትዬ ፅጌ መጀመሪያ ስቀውበት ነበር። እውነቱን ነው ግን። ከፀሐይ እየተረጨ የሚነጉድ ደቃቅ ነገር አለ፤ ሩቅ ጠፈር የተላከች መንኮራኩር ላይ የተገጠመ መሣሪያ ይቆጥረዋል። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ የሚያስተምረው ኤልናታን ያንን ቁጥር ከኢንተርኔት እያወረደ ሲያገላብጥ፣ በየወሩ ለሁለት ሰዓት ዜሮ ሆኖ አገኘው። «ንፋሱ ይቆማል!» አለ። ማንም ያላየውን አየሁ ብሎ እግሩ መሬት አልረግጥ አለ። ለእናቱም ነገራቸው። ለእትዬ ፅጌ ተነግሮ ደግሞ ቸርች ሳይሰማ ይቀራል እንዴ?

ክፍል ውስጥ ሀሴት የምትባል ተማሪው እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ መሣሪያው በዚያ ሰዓት ተዘግቶ ቢሆንስ? መመሪያው ላይ...»

«የሠራሽው አንቺ ነሽ እንዴ?» አላት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጅቷ እጇን አውርዳ ተቀመጠች።

ቅዳሜ ጓደኞቹ ለግኝቱ ደስታ ሐይቅ ዳር ዓሣ ሊጋብዙት ቀጥረውት ሳለ፣ እስቲ ልየው ብሎ መመሪያውን ከፈተ። ገጽ አሥራ አራት፦ መሣሪያው በየወሩ ለሁለት ሰዓት ክዳኑን ዘግቶ ራሱን ይፈትሻል። አይ ኤልናታን! አንዲት ገጽ ማንበብ ያቅተው? ፊቱ በእፍረት ጋለ። ለእናቱ ሊናገር ሦስት ጊዜ ስልኩን አንስቶ ሦስቴም መልሶ አስቀመጠው።

እሁድ እትዬ ፅጌ ለምስክርነት መድረክ ወጡ።

«ማንም ያላየውን ጌታ ለልጄ አሳየው! የፀሐይ ንፋስ ሲቆም አየ!»

እልልታው ቀለጠ። ኤልናታን ቀና ሲል ሀሴትን ከመዘምራኑ መሃል አያት። እሱ ማፈር ሲገባው እሷ አፍራለት አንገቷን ደፍታለች። ዝም ቢል ከእሷ በቀር የሚያውቅበት አልነበረም። አልቻለም። ወጥቶ ማይኩን ከእናቱ እጅ ተቀበለ።

«ንፋሱ አልቆመም» አለ። «መሣሪያው ነው የተዘጋው። ሀሴት ነግራኝ ነበር። እኔ ግን ሰው ፊት መሳቂያ አደረግኳት።»

ሕዝቡ ምኑ ገብቶት! «አሜን!» ብሎ አጨበጨበ። ኤልናታን ቢሰድቡት በተሻለው ነበር።

እትዬ ፅጌ ብቻ አላጨበጨቡም። ከመድረኩ ወርደው ሀሴት ፊት ቆሙና ጎንበስ አሉላት።

«ልጄ፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ» አሏት። «ይቅር በይኝ።»