የአሥራ ሰባት ጎማ

መንበሩ ጎንደር ላይ ዕድሜውን ሙሉ ጎሚስታ ነበር፤ ጎማ ሲነፋና ሲለጥፍ የኖረ ሰው። «መንበሩ ያየው ጎማ» ከተባለ ማንም አይከራከርም። እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ ከገባ ወዲህ ግን ማን ያውቀዋል? ሮቫ ሔት በሚሉት ሰፈር፣ በረንዳ ላይ ተጎልቶ መዋል ብቻ። ለምንም የማይፈለግ ሰው መሆን እንዴት ያንገበግባል! ስለዚህ የሴት ልጁ የሰብለወርቅ ባል ታዬ መጥቶ፣ «አባባ፣ የጂፑን ጎማ ላስቀይር ነው፤ እርስዎ ይምረጡልኝ» ሲለው፣ ሽማግሌው ከታዬ ቀድሞ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ጂፑ ሰባት ሰው የሚጭን ግዙፍ መኪና ነው። ታዬ ልጆቹ ሲበዙበት ከሰው ገዛው። በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና ያለው የጎማ ቤት ባለቤት አቪ፣ ሁለት ዓይነት አወጣላቸው፦ አንዱ ተራ ጥቁር ቸርኬ ያለው፣ ሌላው ሰፊ ጎማ ከሚያብለጨልጭ ቸርኬ ጋር። የታዬ ዓይን ከሚያብለጨልጨው አልነቀል አለ።

«ፍሬን ስትይዝ ቸርኬ አያቆምህም፤ ጎማ ነው የሚያቆምህ!» አለ መንበሩ ቆጣ ብሎ። ጎንበስ ብሎ የሰፊውን ጎማ ጥርስ ዳሰሰ። መንገድ ነክቶ አያውቅም።

«የተሠራበት ዓመት ጎኑ ላይ አለ አባባ፤ መጨረሻ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው።»

መንበሩ አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠረገ። «አሥራ ሰባት! ኧረ የዘንድሮ ነው!»

እውነቱን ነው፤ እሱ ባደገበት አቆጣጠር ዘንድሮ አሥራ ሰባት ነው። ታዬ ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ጊዜ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ ሰው፤ የአገር ቤቱን ዘመን ማን አስተምሮት! «የዘንድሮ» መባሉን ሰማ፣ በቃው። አቪም አማርኛ አይሰማ። ሰዎቹ ደስ ሲላቸው አየና፣ ጎማው መጋዘን ውስጥ ስንት በጋ እንደከረመ ትንፍሽ ሳይል መግጠም ጀመረ። መንበሩ በዚያ ሰሞን ያገኘውን ሰው ሁሉ እያስቆመ፣ «የታዬን ጎማ የመረጥኩት እኔ ነኝ» ይል ነበር።

ነሐሴ ላይ ታዬ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ኪኔሬት ሐይቅ ሲሄድ የፊት ጎማው ፈነዳ። ጂፑ ተገለበጠ። ልጆቹ ተርፈዋል። ሰብለወርቅ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቀረች።

ሮቫ ዩድ ዛይን ሰፈር፣ ታዬ ቤት፣ ለቅሶ ተቀመጡ። የመንበሩ ልጅ ጋዲ እህቱን ማን ይመልስለት! «ስትበር ነበር! እህቴን የበላሃት አንተ ነህ!» እያለ ታዬ ላይ ይጮኻል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ለቀስተኛውም ታዬን በክፉ ዓይን ያየው ጀመር። ታዬ አንገቱን እንደደፋ መንበሩን ወደ ጓዳ ጠራው።

«የአደጋው መርማሪ ደውሎልኝ ነበር፣ አባባ። ጎማው የአሥራ ሰባት ነው፣ አርጅቶ ነው የፈነዳው ይላል።»

«ታዲያ አሥራ ሰባት ላይ አይደለንም እንዴ?»

«አባባ... እዚህ ሃያ አምስት ነው።»

መንበሩ ግድግዳውን ያዘ። «ልጄን በአፌ ገደልኳት!»

«ለማንም እንዳይናገሩ። እኔን ይስደቡኝ፤ ግድ የለም።»

ግድ የለም ይላል! መንበሩ ወደ ለቀስተኛው ወጥቶ መሀል ቆመ። «ታዬን ተዉት! ጎማው አሮጌ ነበር። ዓመቱን በኛ ቁጥር አንብቤ የዘንድሮ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ሰብሌን የገደልኳት እኔ ነኝ!»

ጋዲ ተንበርክኮ የአባቱን ጉልበት አቀፈ። «ይተዉ አባባ። ጎንደር ሙሉ የሚመሰክርልዎ ሰው አሮጌ ጎማ ከአዲስ ሳይለዩ ቀርተው ነው? ለዚህ ሰው ብለው ስምዎን አያጥፉ!»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ያለ አማት ከየት ይገኛል! የልጁን ደም ተሸክሞ አማቹን ሲያድን!» አሉና መረቁት።

«ኧረ በእግዜር፣ ስሙኝ! እኔ ነኝ እኮ!» መንበሩ ደረቱን ደቃ። ሴቶቹ ኀዘኑ ጸናበት ብለው አብረውት ጮኹ። ጋዲ ተነሥቶ ታዬን በክንዱ ያዘና፣ ከገዛ ቤቱ ገፍትሮ አስወጣው።