ከትልቁ ፊደል እስከ ትንሹ

መነጽር ቤቴ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ አራት መጻሕፍት ተደራርበው ይቀመጣሉ። ከላይ የልጆች ተረት አለ፤ ፊደሉ የባቄላ ፍሬ ያክላል። ከሥሩ ልብ ወለድ፣ ከዚያ የጤና መጽሐፍ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ፊደሉ እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስ የፍልስፍና መጽሐፍ። ደንበኛ የቅርብ መነጽር ሲፈልግ ሌንሱን መሞከሪያው ፍሬም ላይ እሰካና ከላይ ጀምሬ አስነብበዋለሁ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የፊደል ሠንጠረዥ ነፍሴ አትወደውም። ሰው ፊደል ተራ በተራ ሲጠራ ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል፤ ያፍራል፣ ይገምታል፣ ይዋሻል። ታሪክ ሲሰጡት ግን ዓይኑን ረስቶ ያነባል። እኔ ደግሞ የምፈልገው ዓይኑን ነው።

በዚህ ሥራ ምክንያት ያልቀመስኩት የመጽሐፍ ዓይነት የለም። መጨረሻውን የማውቀው ግን አንድም የለም፤ መነጽሩ ልክ ሲሆን ንባቡም ይቆማላ!

የፍልስፍናው መጽሐፍ የአባቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምርበት ኖሮ ጡረታ ሲወጣ አመጣልኝ። «እዚህ ይቀመጥ፤ ምናልባት አንዱ ደንበኛሽ ይነቃ ይሆናል» አለኝ። እስካሁን የነቃ የለም። እንቅልፍ የወሰደው ግን አለ።

አባቴን ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ልንገር? «ደህና አደርክ?» ሲሉት «ደህና ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። እማዬ «እኔ ያገባሁት ባል አይደለም፣ ጥያቄ ነው» ትላለች። እያማረረች አይደለም፤ እየኮራች ነው። አንድ ጉድለት ግን ነበረው፤ ተረት አይወድም። «ተረት የወተት ጥርስ ነው፤ ወልቆ ይጣላል» ይል ነበር። ልጆች ሳለን እማዬ ማታ ማታ በሹክሹክታ ታወራልን ነበር። የእሱ ኮቴ ሲሰማ ቀበሮውንም አንበሳውንም ብርድ ልብስ ውስጥ እንደብቃቸዋለን።

በቅርቡ እማዬ ደወለችልኝ። «አባትሽ ሻዩን ከሲኒው ውጪ ቀዳው። ስነግረው ሲኒው ነው የተንቀሳቀሰው አለኝ።»

በማግሥቱ እየጎተትኩ ሱቄ አመጣሁት። እኔ ትዕግሥት ሲታደል የት እንደነበርኩ እንጃ፤ ለምኜ አላውቅም፣ ክንድ ይዤ ነው የምሄደው። «ዓይኔ ምንም አልሆነም» እያለ ተቀመጠ። ተረቱን ሳቀብለው በእጁ መልሶ ከታች ያለውን የራሱን መጽሐፍ መዝዞ ገለጠና ማንበብ ጀመረ። «ሰው ማወቁን የሚያውቀው በምንድን ነው? በዓይኑ ቢሆን...» አንዴ እንኳ ሳይደናቀፍ ወረደው። እሰይ የኔ አባት ብዬ ልቤ ሞቅ አለ። ቀና ብዬ ሌንሱን ላስተካክል ስል ዓይኔ የተገለጠው ገጽ ላይ አረፈ።

ማውጫው ነበር። የምዕራፍ ርዕስና የገጽ ቁጥር ብቻ።

በቃሉ ነው ለካ! ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ መነጽር ሠሪ ልጁ ፊት! ቆሽቴ አረረ። ወዲያው ደግሞ አውራ ጣቱ ወረቀቱን ቀስ ብሎ ሲዳስስ አየሁና ቁጣዬን ተውኩት።

«አባዬ፣ የያዝከው ማውጫውን ነው» አልኩት።

«ማውጫውስ የመጽሐፉ አካል አይደል?» አለኝ። ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

የዓይን ሐኪሙ እቅጩን ነገረን። የዓይኑ መሃል እየደከመ ነው፤ ትንሽ ፊደል ከእንግዲህ አይመለስም። በወፍራም ሌንስ ትልልቁን ፊደል ግን ሊያነብ ይችላል፤ ቢያነብም ዓይኑን አይጎዳውም። ሌንሱን ራሴ ሠራሁለት። ከአራቱ መጻሕፍት በዚያ መነጽር የሚነበበው አንድ ብቻ ነበር፤ የላይኛው። ይዤለት ሄድኩ።

«ልጄ፣ እባክሽ እንዲህ አታዋርጂኝ» አለኝ። መነጽሩን አውልቆ ማኅደሩ ውስጥ ከተተው።

«እንግዲያው የራስህን መጽሐፍ እኔ ላንብብልህ።»

«በሰው አፍ አላነብም።»

ከዚያ በኋላ አባቴ ዝም አለ። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ መዋል ጀመረ። እማዬ እየደወለች ምን በላ፣ ምን ጠጣ ትለኛለች። አንድ ቀን ግን «ዛሬ ደህና አደርክ ስለው 'ደህና' አለኝ» ብላ ስልኩ ላይ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔም ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ዓይነ ስውር አባት አላስፈራኝም፤ የማይጨቃጨቅ አባት ነው ያስፈራኝ። ካላነበበ፣ ካልተከራከረ፣ እዚያ ወንበር ላይ እየደረቀ ሊያልቅብን ነው።

ስለዚህ ሄጄ ጮህኩበት። «ግድግዳ ሥር ተቀምጠህ ልታልቅ ነው? በል ተነሣ! ሱቄ ውስጥ ና ቁጭ በልና ቢያንስ ደንበኞቼን ጨቅጭቅልኝ!» ለመጨቃጨቅ እንኳ አቅም አጣ መሰለኝ፣ ዝም ብሎ ተከተለኝ። ሱቅ ውስጥም ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ረፋዱ ላይ ከገበያው አንዲት ሽንኩርት ሻጭ መጣች። ጎልማሳ ናት፤ የማታ ትምህርት ገብታ ማንበብ የጀመረችው በቅርቡ ነው። የመጀመሪያ መነጽሯን ልትሞክር ተረቱን ሰጠኋት። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እየነዳች ጮክ ብላ ጀመረች። አንዲት ግልገል ፍየል ፀሐይ የት እንደምታድር ለማወቅ ከቤት ትወጣለች። ዶሮዋን ስትጠይቃት «ከቆጡ ኋላ» ትላታለች። ዝንጀሮው «ከገደሉ ሥር» ይላታል። ወንዝ ዳር ትደርስና ዓሣውን ትጠይቃለች።

«በቃ፣ ልክዎ ነው» አልኩና ፍሬሙን ላወልቅ እጄን ዘረጋሁ።

«ኧረ ቆይ እስቲ!» ብላ እጄን መለሰችው። «ዓሣውስ ምን አለ?»

ምን አውቄ! ከኋላዋ አንድ መካኒክና ሁለት ሴቶች ወረፋ ይዘዋል። እሷም አየቻቸውና «እኔ ካነበብኩት እዚሁ መምሸቱ ነው» አለች። ከዚያ ዘወር ብላ መጽሐፉን አባቴ ጭን ላይ አስቀመጠችው። «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ይመስላሉ። በሞቴ ይጨርሱልን።»

አባቴ ሰው ፊት ሴት አያሳፍርም፤ ግን አፉን ሊከፍት ሲል ገባኝ፤ መነጽር አልያዝኩም ሊል ነው። እኔ ደግሞ በጋውኔ ኪስ ይዤለት ነበር። ሳይጨርስ አፍንጫው ላይ ሰካሁለት።

አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አደረገ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ዓሣው... 'ውኃ ውስጥ ነው የምታድረው' አለ። 'ማታ ማታ ስትገባ በዓይኔ አያለሁ።'» እዚህ ላይ ቆመ። ደከመው፣ ሊዘጋው ነው ብዬ ሳስብ ቀና ብሎ ቤቱን ሁሉ አየ።

«ዋሸ እንዴ?» አለ።

«ምን ይዋሻል ጋሼ!» አለች ሽንኩርት ሻጯ። «ያየውን ተናገረ።»

«ያየው ትክክል ካልሆነስ?» አለ መካኒኩ።

«እንግዲያው ዶሮዋም ዋሽታለቻ!» አለችው እሷ።

«እሺ» አለ አባቴ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ መጥቶ፣ «ሁለቱም ያዩትን ከተናገሩ፣ ያዩት ደግሞ ካልተስማማ፣ ማንን ልትከተል ነው ፍየሏ?»

ሱቁ በአንድ እግሩ ቆመ። መካኒኩ ከዓሣው ጋር ተጣላ፣ ሴቶቹ ለዶሮዋ ወገኑ፣ ሽንኩርት ሻጯ ሁሉንም ዝም ልታሰኝ ትጮኻለች። የአባቴ እጅ ክፍል ውስጥ እንደነበረው አየሩን መክተፍ ጀመረ። እኔ ወደ ሌንስ መቁረጫው ዞርኩና ዓይኔ ውስጥ ብናኝ የገባ አስመሰልኩ።

ሲረጋጉ ቀጠለ። ፍየሏ ደክሟት ቤቷ ትመለስና እናቷን ትጠይቃለች። እናቲቱ «ፀሐይ አታድርም፤ የምናድረው እኛ ነን» ትላታለች። አባቴ ይቺን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አነበባት። ከዚያ መጽሐፉን ገልብጦ የደራሲውን ስም ፈለገ፤ ትንሽ ስለነበር አላየውም።

«ማነው ይሄን የጻፈው?» አለ። «እኔ ይቺን ለተማሪዎቼ ለማስረዳት መንፈቅ እፈጅ ነበር! ምነው ቀድሜ ባነበብኳት!» ቅር ብሎት ይሁን ደስ ብሎት መለየት አልቻልኩም። ፊቱ ግን ፈክቶ ነበር።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ «የኔን መጽሐፍ አምጪው» አለኝ።

«ለማን?»

«አንቺ ታነቢያለሽ።»

«በሰው አፍ አላነብም ብለህ አልነበር?» ሳልናገር አላልፍም፤ እሱንም የወረስኩት ከራሱ ነው።

«ሴትዮዋ በኔ አፍ አነበበች። ምን ጎደለባት?»

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንድ ምዕራፍ መረጠልኝ፤ የራሴን መነጽር አጥልቄ ጀመርኩ። እየተደነቃቀፍኩ፣ አንዱን መስመር ሁለቴ እየደጋገምኩ፣ እንደምንም ገጹ ጫፍ ደረስኩ።

«አባዬ፣ ልዋሽህ አልፈልግም» አልኩት። «አንድም ነገር አልገባኝም።»

ቁጣውን ጠበቅኩ። እሱ ግን ግራና ቀኝ አየና፣ ባዶ ሱቅ ውስጥ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም ይሄ ምዕራፍ ገብቶኝ አያውቅም። ሳስተምር እየዘለልኩት ነው ያለፍኩት። ለእናትሽም አልነገርኳትም።» ቀጥሎ እየሳቀ በጉልበቱ ጉልበቴን ገፋ አደረገው። «ድገሚው እስቲ።»

ደገምኩለት። አሁንም አልገባኝም። ገጹን ላዞር ስል ክንዴን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ።

«ቆይ፣ ቆይ! ወዴት ትሮጫለሽ?» አለኝ። «እዚህ ጋ እንጨቃጨቅ።»